«ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም»

ደጋው ላይ ሕፃን ልጅ የሚሞገስባቸው ነገሮች ይታወቃሉ። ጉንጩ ሞላ ካለ «ወፈረ» ይባላል። ቆዳው ፈካ ካለ «ቀላ»፣ የፀጉሩ ጥቅልል ከተፈታ «ሉጫ ሆነ»፣ እያለቀሰ ካላወከ ደግሞ «ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም»። እናት ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል፤ ማን ደስ አይለው? እኔ ግን አራቱም ስለ አንድ የሁለት ዓመት ልጅ ባንድ ጊዜ ሲነገሩ ከሰማሁ የቡናውን ስኒ አስቀምጬ የልጁን እግር አያለሁ።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በጎንደር ከተማና ከከተማው ወደ ሰሜን፣ በዳባትና በደባርቅ መስመር ነው። ጎረቤት ጡረታ አያውቅምና ዛሬም «ሲስተር፣ እስቲ ይኼን ልጅ ይዩልኝ» የሚል አይጠፋም። ከእግሩ ስጀምር ይገረማሉ። «ፊቱን ሳያዩ?» ይሉኛል። ፊት ያታልላል፣ እላቸዋለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ መሣሪያ አይፈልግም። በሁለት አውራ ጣት የልጁን ሁለቱንም እግሮች በጀርባቸው በኩል ሦስት ሰከንድ ያህል ጫን ብሎ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። የጤነኛ ልጅ እግር ወዲያው ይመለሳል። ውኃ የቋጠረው ግን ጣት ያረፈበት ቦታ ሰርጎድ ብሎ ይቀራል። ስርጉዱ በሁለቱም እግር ላይ ከታየ፣ ልጁ የቱንም ያህል ደንዳና ቢመስል፣ ሚዛን ላይም ጥሩ ኪሎ ቢያመጣ፣ ከፍተኛ የምግብ እጥረት እንዳለበት ተቆጥሮ ይታከማል። ባንድ እግር ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ቁስል ወይም ምት ይፈለጋል። የኩላሊት ሕመምም ሰውነትን ያሳብጣል። እሱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው፤ የእናት ሥራ ይዞ መምጣት ብቻ ነው።

እብጠቱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጣው። እግር ላይ ብቻ ካለ በካርዱ ላይ አንድ የመደመር ምልክት እናደርጋለን። ባትና እጅ ከደረሰ ሁለት። ፊት ከደረሰ ሦስት። እንግዲህ ጎረቤት «ጉንጩ ሞላ» ብሎ የሚያሞግሰው ልጅ ሦስት መደመር የሚጻፍለት፣ አልጋ የሚያስፈልገው ልጅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ነገሩ የሚያምታታው ስለ ረሃብ በልባችን ያለው ሥዕል በ1977 ዓ.ም ስለተሳለ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ከኮረም ያስተላለፈውን ምስል ዓለም አይቶታል፤ በእኛም በኩል የእብናትን መጠለያ የሚያስታውስ ሰው ዛሬም አለ። ያንን ዘመን ያየ ሰው የተራበ ልጅ ማለት አጥንቱ የሚቆጠር ልጅ ነው ብሎ ይዟል። አልተሳሳተም፤ የያዘው ግን ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ ያብጣል።

ያበጠው ልጅ ፀጉሩ ይሳሳል፤ ጥቁረቱን ትቶ ወደ ዳማ ይሄዳል፤ ሳብ ሲያደርጉት ሳያመው ይነቀላል። አንዳንዱ ልጅ ላይ ደግሞ ክፉና ደግ ወራቱ ፀጉሩ ላይ ይነበባል፤ በልቶ የሰነበተበት ጥቁር፣ ያጣበት ቀይ ሆኖ እንደ ጥለት ተራ በተራ ይታያል። ቆዳው መጀመሪያ ይፈካል፤ «ቀላ» የተባለው ይኼ ነው። ቀጥሎ እዚህም እዚያም ይጠቁርና በብሽሽቱ፣ በጉልበቱ ጀርባ፣ በመቀመጫው አካባቢ ይላጣል። በዚህ ደረጃ የመጣ ልጅ ያዩ ሰዎች የፈላ ውኃ ፈሶበት ነው ወይ ብለው የሚጠይቁበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ዝምታው ነው። በአገራችን ዝም ያለ ልጅ ይወደዳል። እንግዳ ሲመጣ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ፣ ካልሰጡት የማይጠይቅ ልጅ ወላጆቹን ያስመሰግናል። የተራበ ልጅ መጀመሪያ ያለቅሳል። ሲቆይ ያቆማል። ሰውነቱ የቀረችውን ጉልበት ለልቡና ለትንፋሹ ይቆጥብና ጨዋታውን ይተዋል፤ ቀጥሎ ሳቁን፤ በመጨረሻ መብላቱን። ሲነኩት ይነጫነጫል፣ ሲተዉት ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል። «ይበላል?» ብዬ ስጠይቅ «ኧረ እሱስ ምግብ አይወድም» ይሉኛል። ምግብ መውደዱን የተወ የሁለት ዓመት ልጅ ታሟል። አልጋ ይዞ የሚታከም ልጅ መዳን መጀመሩን የምናውቀውም በዚሁ በኩል ነው፤ ኩባያውን ሲወረውር፣ የእናቱን ነጠላ ሲጎትት፣ ሌሊት ሲያስቸግር ነርሶቹ ተያይተው ይስቃሉ። የደከመችው እናት ምን እንደሚያስቀን አይገባትም።

ይህን የሚያሳብጥ ሕመም ለሕክምናው ዓለም በደንብ ያስተዋወቀችው ጃማይካ የተወለደችው እንግሊዛዊት ሐኪም ሲስሊ ዊልያምስ ናት። በያኔው ጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና ስትሠራ ያየችውን እ.ኤ.አ. በ1933 ጻፈች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የአገሬው ሰዎች የሚጠሩበትን ክዋሺዮርኮር የሚለውን ስም ይዛ መጣች። ልብ ያለችው አንድ ነገር ነበር፤ የሚታመመው አራሱ ሳይሆን አራሱ ሲወለድ ከጡት የተነሳው ታላቁ ነው። ጃናሞራ ወይም በየዳ ሄጄ ይህንኑ ብናገር አዲስ ነገር አይሆንም። እናት ታረግዛለች፣ «የእርጉዝ ጡት ልጅ ያሳምማል» ይባላል፣ ትልቁ ጡት ይጥላል። (ጡቱ አይበከልም፤ እናትየዋ ጤነኛ ከሆነችና በደንብ ከበላች እያረገዘችም ማጥባት ትችላለች።) ከዚያ ልጁ ከአያቱ ጋር መተኛት፣ ከትልልቆቹ ጋር መብላት ይጀምራል። አንድ መሶብ ዙሪያ ከተቀመጡት ሁሉ እጁ የምታጥረው፣ ጥርሱም የሚያንሰው እሱ ነው። ወጡ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ደረቅ እንጀራ ይዞ ይነሳል። በዚህ ላይ ክረምት ገብቶ ተቅማጥ ወይም ኩፍኝ ከመጣ ወር የማይሞላ ጊዜ ይበቃል።

እኛ ስንማር ልዩነቱ ቀላል ነበር። የሚያብጠው ፕሮቲን ያጣው፣ የሚከሳው ሁሉንም ያጣው ነው ተብለን ጻፍን፤ የሁለቱ የጋራ ስምም የፕሮቲንና የኃይል ሰጪ ምግብ እጥረት ነበር። ኋላ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑ ታየ። አንድ ዓይነት ምግብ ከሚበሉ ልጆች አንዱ ይከሳል፣ ሌላው ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በማላዊ መንትዮችን ተከታትሎ፣ ባንድ ቤት ካደጉ መንትዮች አንዱ ክዋሺዮርኮር ሲይዘው ሌላው ደኅና የሚሆንበትን ሁኔታ መርምሯል፤ በአንጀታቸው የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ልዩነትም የድርሻው ተጠያቂ ሆኖ ተገኝቷል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ወንድሙ ያንኑ በልቶ ደኅና አይደለም ወይ? ዓይን ነክቶት እንጂ!» የምትል እናት ስንት ጊዜ ተቆጥተናታል። ስለ ዓይኑ አልስማማም፤ ወንድሙ ያንኑ መብላቱ ግን እውነቷን ነው።

ወደ ከሳው ልጅ ልምጣ። እሱን ለማወቅ ምን ችግር አለ የሚል ሰው ደባርቅን በነሐሴ አያውቃትም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ልጅ ሹራብ ላይ ሹራብ ለብሶ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ አንቀልባ ውስጥ ሆኖ ነው የሚመጣው። የሚታየው ፊቱ ብቻ ነው። ለዚህ ነው እናቶች እየተቆጡን እንኳ ልብሱን እናውልቅ የምንለው። ሲወልቅ ጎድኑ ይቆጠራል፤ የትከሻው አጥንት ይወጣል፤ ከኋላ ሲያዩት የመቀመጫው ሥጋ አልቆ ቆዳው ተጨማዶ ይንጠለጠላል። ፊቱ ያረጀ ሰው ፊት ይሆናል፤ ዓይኑ ግን ብዙ ጊዜ ንቁ ነው፣ ምግብ ሲያይ ይከተለዋል። የከሳው ልጅ ላይ የምወደው ይህን ነው፤ ገና ይጠይቃል።

ክንዱን የምንለካበት ባለ ቀለም ጥብጣብ አለ፤ ባለሙያዎቹ ሙአክ ይሉታል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ነው። የግራ ክንዱ፣ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው መካከል ላይ፣ እጁ ዘና ብሎ እንደተንጠለጠለ ይለካል፤ አይጠብቅም፣ አይላላም። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ይወድቃል፤ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ 12.5 ካልሞላ ቢጫ። አንድ ቁም ነገር እዚህ ላይ አለ። ክንዱ አረንጓዴ የሆነ ልጅ እግሩ ላይ ስርጉድ ሊኖር ይችላል። ክንድ ለክቶ እግር ሳይጫን የሚሰድድ ሰው ሥራውን ግማሽ ሠራ። ጥብጣቡን ማንበብ ለእናት አይከብዳትም፤ በተለያዩ አገሮች እናቶች ራሳቸው እንዲለኩ እየተደረገ ጥሩ ውጤት ታይቷል። የእኔ ፍላጎት በየቤቱ ቢሰቀል ነው።

በእኛ አካባቢ ይህ ሥራ ባዶ መሬት ላይ የተጀመረ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንን፣ የኮሙኒቲ ነርስና የሳኒታሪ ባለሙያን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የመላክ ሐሳብ ይዞ ነው። ዳባት ላይም ያው ኮሌጅ ያደገበት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝቡን ልደት፣ ሞትና ጤና የሚከታተልበት ጣቢያ አለው። ጤና ኬላዎቹና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ የመጡት ኋላ፣ ከ1995 ዓ.ም ወዲህ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ለውጥ እሱ ነው። ድሮ ያበጠ ልጅ ያዘለች እናት ቀኑን ሙሉ ተጉዛ ነበር ነርስ የምታገኘው።

ሕክምናው ላይ ሁለት ነገር ሰው ቢያውቅ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው፣ የተራበን ልጅ ባንድ ጊዜ ማጥገብ ሊገድለው እንደሚችል ነው። ልቡም ጉበቱም ኩላሊቱም ሥራቸውን ቀንሰው ስለቆዩ ድንገት የሚመጣውን አይችሉትም። ስለዚህ ሕመም ተጨምሮበት ወይም መብላት አቅቶት የተኛ ልጅ የሚጀምረው ኤፍ 75 በሚባል ቀጠን ያለ ወተት ነው፤ 100 ሚሊ ሊትሩ 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው ያለው። በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይሰጠዋል። ሌሊቱ ዋናው ነው፤ ስኳሩ የሚወርደውም ሰውነቱ የሚቀዘቅዘውም ያኔ ነው። እናትየዋ ልብሱን አውልቃ ደረቷ ላይ ለጥፋ ብትይዘው ከማናቸውም ብርድ ልብስ ይሻላል።

ሁለተኛው ብዙ ጠብ ያስነሳል። ያበጠ ልጅ ሲሻለው ክብደቱ ይቀንሳል። ውኃው ይወጣልና ጉንጩ ይጎድላል፣ እግሩ ይቀጥናል፣ በሦስት አራት ቀን ውስጥ ተደብቆ የነበረው አጥንት ብቅ ይላል። እናት ምን ታስብ? «ወፍሮ አምጥቼው አከሳችሁብኝ» ትላለች። ሌሊቱን ልጇን ይዛ የጠፋች አውቃለሁ። አስቀድሞ ያልነገራት ሰው ነው ጥፋተኛው።

ሕመም የሌለበትና የምግብ ፍላጎቱ ያልጠፋ ልጅ ግን ዛሬ መተኛት አያስፈልገውም። ከጤና ኬላው በየሳምንቱ ፕላምፒናት ይሰጠዋል፤ ሰው እንደ አፉ ፕላምፕሌት ይለዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ብሪየንድና ባልደረባው ሚሼል ሌስካን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት የለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ የዘይትና የስኳር ቅልቅል ነው፤ ቫይታሚንና ማዕድን ተጨምሮበታል። አንዷ ከረጢት 92 ግራም ሆና 500 ኪሎ ካሎሪ ትይዛለች። ውኃ ስለማይቀላቀልበት ቶሎ አይበላሽም፤ እሳትም አይፈልግም። እኛ በወጣትነታችን ከፋፋ ዱቄት ጋር ስንታገል፣ ንጹሕ ውኃና ማገዶ ስንለምን የኖርነው ይህን እንደ ተአምር ብናየው አይፈረድብንም። ችግሩ መጣፈጡ ነው። ታናሹም ታላቁም ይቀምሱታል፤ አንዳንዴም ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ታገኙታላችሁ። ለታመመው ልጅ ግን መድኃኒቱ ነው፤ ጡት የሚጠባ ከሆነም ጡቱ ይቀድማል።

ልጁ ምንም ካልበላ፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከፈዘዘና መንቃት ካቃተው፣ ወይም እብጠቱ ፊቱ ከደረሰ ግን የሳምንቱ ቀጠሮ አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ይህን መናገር ቀላል፣ ማድረግ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። በዚያው ዓመትና በቀጣዩ ድርቅ ጠለምትን፣ ጃናሞራንና በየዳን መትቷል። ለዚህ ነው ስርጉዱን ፊት ሳይደርስ፣ እግር ላይ እያለ ማየት የሚሻለው።

ስለ መቀንጨር ብዙ አልልም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 ከመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ፤ ያኔ ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 41 ወርዷል። መቀንጨርን ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ስሙን ያገኘው በዚሁ ክልል ካለች ከተማ ነው። ክንድ መለካት መቀንጨርን አያሳይም፣ እኛም «ዘራችን አጭር ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ክፉው ነገር፣ ደጋው ባዶ ቤት ብቻ አይደለም። ገብስ አለ፣ ባቄላ አለ፣ ድንች አለ። ዶሮዋም ትጥላለች። እንቁላሉ ግን ለጨውና ለሳሙና ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ወተቱ ተንጦ ቅቤው ይሸጣል፣ ልጁ የሚጠጣው ከማንኪያ ላይ የሚፈስ ቀጭን አጥሚት ነው። አጥሚት ሆድ ይነፋል፤ ሰውነት አይገነባም። ስድስት ወር የሞላው ልጅ ገንፎው ማንኪያ ላይ የሚቆም፣ ባቄላ ወይም ሽምብራ ዱቄት የገባበት፣ ጠብ ያለች ዘይት ወይም ቅቤ ያለችበት ይሁን። አንድ እንቁላል ተሰብሮ ሲገባበት ሌላ ነገር ነው። ዓመት ሲሞላው በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ከራሱ ሳሕን ይብላ። ከጋራ መሶብ ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም።

እዚህ ላይ ጾም ይመጣል። አጽዋማቱን የሚጠብቅ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ ይጾማል። ቤተ ክርስቲያን ጡት የሚጠባን ልጅ ጹም አላለችም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ጭንቁ ድስቱ ነው። በሑዳዴ እንቁላል የተሠራበት ድስት የጾመኛውን ወጥ ያገድፋል ተብሎ ይፈራል፤ አንድ ድስት ያላት ቤት ደግሞ ብዙ ናት።

አንዲት አማት፣ መነኩሴ፣ በዚህ ነገር አልሰማ አሉኝ። የልጅ ልጃቸው እብጠቱ ጎድሎለት ከአልጋ ገና የወጣ ነው። «እማሆይ፣ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ» አልኋቸው። ጠየቁ። ቄሱ ልጁ ይብላ አሉ፤ ስለ ድስቱ ግን ምንም አላሉም። ስለዚህ ምራቲቱ ከቅዳሜ ገበያ ትንሽ የሸክላ ድስት ገዛች። እማሆይ ድስቱን አገላብጠው አዩትና ከምድጃው ማዶ፣ ከዶሮዎቹ ቆጥ ሥር እንዲቀመጥ አዘዙ። እዚያው ይሁን፣ ተባባልን።